ያልተነዳው አሥራ አንድ ኪሎሜትር

የተበላሸው ካምቢዮው ነበር እንጂ አባቷ አልነበረም። መዲና ይህን ያወቀችው አባቷ ሰይድ ከተቀበረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ ውስጥ ባንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ደሴ ላይ፣ በጋሽ ጥጋቡ ጋራዥ፣ ከአንድ አሮጌ ነጭ መኪና መሪ ሥር በሰካችው ገመድ በኩል ነው።

ቀኑ እንደማንኛውም ቀን ነበር የጀመረው። ሁለት ሰዓት ላይ የግቢውን የቆርቆሮ በር ከፈተች። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ግቢው ውስጥ ከፈሰሰው አሮጌ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ በየጎማው ዱካ ላይ ሐምራዊና አረንጓዴ እያብለጨለጨ ተኝቷል፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም አጥሩን ተሻግሮ ገብቶ፣ ኮፈናቸው ተከፍቶ በሰልፍ የቆሙትን መኪኖች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ሠራተኞቹ የሉም። የበያጁ እናት አርፈው ሁሉም ለቀብር ወጥተዋል፤ ግቢውን እንድትጠብቅ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። የመኪና መመርመሪያ ማሽኑን ከቁም ሳጥኑ አወጣች፣ ስክሪኑን በእጅጌዋ ጠረገችና ቻርጅ ላይ ሰካችው።

እናቷ ዘሀራ ደወለች።

«መዲዬ፣ ቁርስ ቀመስሽ?»

«በላሁ እማ።»

«ዛሬ ኮምቦልቻ የዓይኔ ቀጠሮ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ እንዳትቀመጪ፣ ያዞርሻል።»

«አይ፣ ዛሬስ እንኳ፣ አላህ ይስጠው...»

«እማ፣ ሰው መጣብኝ። በኋላ እንነጋገር።»

የመጣ ሰው አልነበረም። መዲና ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ አይሆንላትም፤ ዩኒቨርሲቲ እያለችም መምህሮቿን ከመሃል ታቋርጥ ነበር። እናቷ ደግሞ ስልክ መዝጋት አታውቅም፤ ወሬው ሲያበቃ እንዳለ ጉያዋ ውስጥ ትከተዋለች። መዲና ለጥቂት ጊዜ የእናቷን ትንፋሽ፣ የሻርፗን ኮሽታ፣ የድስት ክዳን ሲከደን ሰማችና ራሷ ዘጋችው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ጥጋቡ ነጩን መኪና እየነዳ ገባ። የጃፓን ስሪት የሜዳ መኪና ነው፤ ረጅም፣ ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ማርሹን ራሱ የሚቀይር ዓይነት።

«ሐይቅ ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓመት የለፋሁባት ይቺ ናት» አለ ከመኪናው እየወረደ። «ከሐራጅ ስገዛት ብረት ብቻ ነበረች። አሁን እይማት፤ ሙሽራ!»

ቀለሟ ገና ይሸታል። ዳሽቦርዷ ላይ ግን አንዲት ብጫ መብራት በርታለች፤ የካምቢዮ፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ማስጠንቀቂያ።

«ገዢው ኮምቦልቻ እየጠበቀኝ ነው። መብራቷን አጥፊልኝና ልሂድ።»

«መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልየው።»

«ማየት ምን ያደርጋል? አጥፊ ነው ያልኩሽ። መኪና በጎማ እንጂ በመብራት አይሄድም፣ ኢንጂነር!» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ሳቁ የሚወደድለት ሰው ነው። ደሴ ውስጥ ስለ ጋሽ ጥጋቡ ክፉ የሚያወራ የለም። ከሦስት ዓመት በፊት ሰይድ የሚያሽከረክራት የመሥሪያ ቤት መኪና ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ገደል ገብታ ከኋላ የተቀመጡት አምስት ሰዎች ሲሞቱ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ በባለሙያነት የመሰከረው እሱ ነው፦ ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ ማርሹ ፎሌ፣ ማለት ባዶ፣ ላይ ነበር፤ ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ማርሽ አውጥቶ ለቋት ነው የወረደው። ይህን የሚያደርግ ሾፌር ብዙ ስለሆነ ዳኛውም አገሬውም አመነ። ሰይድ «ማርሽ ላይ ነበርኩ፣ ራሱ ለቀቀኝ» እንዳለ ታሰረ፤ በዓመቱም እዚያው ታሞ ሞተ። ጋሽ ጥጋቡ ሦስቱንም ቀን ለቅሶ ቤት መጥቶ ተቀመጠ፣ ከአርባው በኋላም መዲናን ቀጠራት። «የገዳይ ልጅ ናት ሳይል ሰው አደረጋት» ተባለለት።

እናቷን ግን ማንም ሰው አላደረጋትም። ከሟቾቹ የሁለቱ ሚስቶች እዚያው ሰፈር ናቸው። ዘሀራ ዓይኗ ጭጋግ እየለበሰ እንኳ በአረማመዳቸው ትለያቸዋለች፤ «እንደምን አደራችሁ» ትላቸዋለች፤ አይመልሱም። በየማለዳው ትላቸዋለች፣ በየማለዳው አይመልሱም። መዲና ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር፣ የእናቷ ሰላምታ ሲመለስ መስማት ነበር።

የሾፌሩን በር ከፍታ ገባች። ከአዲሱ ቀለም ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ መጀመሪያ የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት፣ ስኳር ሲያር እንደሚሸተው ያለ፤ ቀጥሎ የረጠበ የሱፍ ልብስ፣ ብዙ ሰው ዝናብ መትቶት ተጨናንቆ ሲቀመጥ ያለው ሽታ። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ነገር ግን አምስቱም የኋላ ቀበቶዎች ታስረዋል። የወንበር ልብስ የሰፋው ሰው አስሯቸው የቀረ መሰላት። አንዱን ለማላቀቅ እጇን ዘርግታ ስትይዘው ግን ቀበቶው ላላ ብሎ የተንጠለጠለ አልነበረም፤ ሆድ ላይ እንዳረፈ ሁሉ ወደ ፊት ጎበጥ ብሎ ተወጥሯል፣ ደግሞም ለብ ያለ ሙቀት ነበረው። አላቀቀችው። ያልታሰረው የፊቱ፣ ከሾፌሩ ጎን ያለው ቀበቶ ብቻ ነው፤ ወንበሩም ብቻውን ደረቅና ንጹሕ ነበር፣ ለሰው የተያዘ ቦታ ይመስል።

ገመዱን ሰካች፣ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን አንድ ደረጃ አዞረች። ማሽኑ ለጥቂት ሰከንድ አሰበና መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሩን አወጣ፤ አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር።

መዲና እስከ መጨረሻው ማንበብ አላስፈለጋትም። የአባቷ መኪና ናት፤ በይግባኙ ጊዜ ይህን ቁጥር አሥራ ሦስት ማመልከቻ ላይ በእጇ ጽፋዋለች።

ጋሽ ጥጋቡ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ሳምቡሳ ይበላል። አልፈራም፤ የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ባትሪ የተነቀለለት መኪና ሁሉን ይረሳል ብሎ ያምናል፤ በእሱ ዕድሜ ያሉ መካኒኮች ሁሉ ያምናሉ። የካምቢዮው ኮምፒውተር ግን አይረሳም። ብልሽት ሲገጥመው ያቺን ቅጽበት እንዳለች አድርቆ ያስቀምጣታል፤ መኪናው ቢገለበጥ፣ ባትሪው ሁለት ዓመት ቢነቀል፣ ቅጽበቲቱ ሥሩ ተቀምጣ ሰው እስኪጠይቃት ትጠብቃለች። መዲና ጠየቀቻት።

ኪሎሜትር 214,331። ፍጥነት 97። የማርሽ ዘንግ፦ መንጃ ላይ። የገባ ማርሽ፦ የለም። ፍሬን፦ ተረግጧል። የፊት ወንበር፦ ባዶ።

ፎሌ ላይ አልነበረም። አባቷ ማርሽ ላይ ነበር፤ ካምቢዮው ራሱ ነው የለቀቀው፤ እግሩም ፍሬኑ ላይ ነበር፣ እስከ መጨረሻው።

ከሥሩ ሌላ መስመር ነበር። የካምቢዮው የብልሽት ኮድ ከአደጋው በፊት ሃያ ስድስት ጊዜ ታይቶ፣ አደጋው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰርዟል። የሰረዘው ማሽን ቁጥሩን ትቶ ሄዷል። መዲና በእጇ የያዘችውን ማሽን ገልብጣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየች። ያው ነው፤ ካምቢዮው ሳይጠገን መብራቱ ብቻ ጠፍቶላት ነበር የወጣችው። በዚያን ጊዜ ይህን ማሽን የሚነካ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አሁን ጣቱ ላይ የቀረውን ዘይት እየላሰ ነው።

አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ ስክሪኑን ሦስት ጊዜ ፎቶ አነሳች፤ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቅጽበቲቱን፣ የተሰረዘበትን ቀን። በደረቷ ውስጥ የተሰማት ነገር ሐዘን አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ዝጎ የተጣበቀ ብሎን ድንገት ሲላቀቅ የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ያኔ ማርሹ ተንቀሳቀሰ። ፍሬን ሳይረገጥ ከፓርክ፣ ከመቆሚያው፣ መውጣት አይችልም፤ የተሠራው እንደዚያ ነው። እሷ ፍሬኑን አልነካችም። ዘንጉ ግን በዝግታ፣ ሰው አስቦበት እንደሚጎትተው፣ ከፓርክ ተነስቶ ወረደና ፎሌ ላይ ቀጭ ብሎ ቆመ። ከኋላዋ ባሌስትራው አቃሰተ፤ መኪናው ወረድ አለ፣ ሰው ሲሳፈርበት እንደሚወርደው። አንዴ። ሁለቴ። አምስት ጊዜ። በመስታወቱ ስታይ የፈታችው ቀበቶ ተመልሶ ታስሯል፣ የኋላው መስታወት ደግሞ ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ደብዝዟል። ከዚያ ጸጥታው ውስጥ ድምፅ ሰማች፤ ድምፅ እንኳ ለማለት ያስቸግራል፤ ብዙ ሰዎች ኩርባ ላይ ሲደርሱ በአንድነት ወደ ውስጥ የሚስቡት፣ ግን ያላስወጡት አየር።

ዘወር ብላ አላየችም። ማሽኑ ላይ አዲስ መስመር ወጥቶ ነበር፤ ሁለተኛ ቅጽበት።

ኪሎሜትር 214,377። ፍጥነት 97። የማርሽ ዘንግ፦ መንጃ ላይ። የገባ ማርሽ፦ የለም። ፍሬን፦ ተረግጧል። የፊት ወንበር፦ ሰው አለ፣ ቀበቶ ታስሯል።

የዳሽቦርዱን ቆጣሪ አየች። 214,366 ይላል። የኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ የሚያስመልሱ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል፤ መጀመሪያ ያሰበችው ያንን ነው። ግን አሥራ አንድ ኪሎሜትር ለማስመለስ የሚደክም ሌባ የለም። ሌላ አሥራ አንድ ኪሎሜትር ግን ታውቃለች። በአባቷ ሙት ዓመት ከዚህ ጋራዥ በር ተነስታ፣ ማልቀስ ሳይሆን መለካት አሰኝቷት፣ በእግሯ ሐረጎ ላይ መኪናዋ እስከ ወደቀችበት ኩርባ ድረስ ሄዳለች።

ብልሽቱ ገና አልደረሰም። ቀኑም ቦታውም ተቆርጦለታል።

አስጨነቃት ቢባል ውሸት ነው። የፊት ወንበሩን ነገር ለአንድ አፍታ አሰበችበት፤ ባዶውን ወንበር ሰው አለበት የሚል የተበላሸ ሴንሰር ብዙ አይታለች፤ ደግሞ እዚህ መኪና ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚቆጣጠረው ሴንሰር አይደለም። አለፈችው። መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ» አለች። ድምጿ የሁልጊዜው ነበር። «የአባዬ መኪና የወደቀች ጊዜ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ መሆኑን በዓይንዎ አይተዋል?»

«ምን አመጣው ዛሬ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«በነዚህ ዓይኖቼ!» ሁለት ጣቱን ወደ ዓይኖቹ ቀሰረ። «አባትሽ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ግን ነዳጅ ላይ ሰሳች ነበር። የሾፌር አመል ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ? አምስት ሰው ይዞ ሄደ። እኔ ለእናትሽ ብዬ ብዙ ነገር አለዝቤ ነው የተናገርኩት እንጂ... ተይው፣ የሞተ ሰው አይመረመርም። መኪና ነው የሚመረመር።»

«ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መብራት በርቶባት አያውቅም ነበር?»

«አንድም ቀን። በልጆቼ!»

መዲና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀች። እሱ ከጨረሰ በኋላም ትንሽ ቆየች፤ የሚጨምረው እንዳለ ብላ። አልነበረውም።

«ይቺስ ሐረጎን ትወርዳለች?»

«ሐረጎ ምን አላት? መሪ ይዞ መቀመጥ ነው።»

«እሺ።»

ማሽኑ ጠየቃት፦ ኮዱ ይሰረዝ? አዎ የሚለውን ተጫነች። የአባቷ ቅጽበት፣ 214,331፣ ብልጭ ብላ ጠፋች። ሁለተኛዋ አልጠፋችም። ደግማ ተጫነች፤ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ብጫዋ መብራት ግን ጠፍታለች፣ ጋሽ ጥጋቡ የፈለገው ደግሞ እሱን ብቻ ነው። ገመዱን ነቅላ ጠቀለለችና ወረደች።

«ደህና ናት?»

«መብራቱ ጠፍቷል፣ እንዳሉት።»

«ዛሬ ምን ነካሽ? ሳትከራከሪኝ? በጸባይ መጣሽ እኮ!» ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። ሳምቡሳ ሳምቡሳ ይሸታል። «ሰው እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚል።»

ገብቶ ተቀመጠ። ወደ ኋላ አላየም፤ ወደ ኋላ የማየት ልማድ የለውም። ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ጤነኛ ነበር፣ ለስላሳ። መዲና የጋሽ ጥጋቡን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ እንደተሰካ አየችው። መኪናው በሩ ላይ እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ነበራት፤ «ጋሼ፣ ስልክዎ!» ማለት ይበቃ ነበር። አላለችም። ነጩ መኪና ጉሙ ውስጥ ሲገባ የኋላው መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አምስት ክብ ክብ የትንፋሽ ምልክቶች እየሰፉና እየጠበቡ ነበር።

የቆርቆሮውን በር ዘጋችና ተመልሳ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ምላስ ባዶውን ቦታ እንደሚዳስሰው፣ ውስጧን ዳሰሰችው፤ አይታመምም። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ነገ ጠበቃ ዘንድ ትሄዳለች። ከነገ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች በር ላይ ቆማ ታነብላቸዋለች፤ ፍሬን፦ ተረግጧል። ከዚያ እናቷ በጠዋት ትወጣለች፣ እንደምን አደራችሁ ትላለች፣ እነሱም ይመልሱላታል።

ይህን ለእናቷ ለመንገር እስከ ማታ መጠበቅ አልቻለችም። ደወለች።

«እማ፣ ሚኒባስ ውስጥ ነሽ?»

«ኧረ ገና ቤት ነኝ።»

«ቀጠሮው አይረፍድብሽም? ስሚኝማ፣ የአባዬን ነገር...»

«አይረፍድም፣ ምን ያረፍደዋል! ጋሽ ጥጋቡ በመኪና አደርስሻለሁ ብሎኝ። ትናንት ማታ ነው የደወለልኝ። ጠዋት ልነግርሽ ስል መች አስጨረስሽኝ? ሰው መጣ ብለሽ ዘጋሽብኝ። ያው፣ ጡሩምባ ነፋ። ከፊት ነው የማስቀምጥሽ ብሎኛል፣ እንዳያዞርሽ ብሎ፤ አየሽ፣ እሱ እንኳ ያስባል...»

የፊት ወንበር፦ ሰው አለ። ቀበቶ ታስሯል።

«እማ! አትውጪ! እማ ስሚኝ፣ እንዳትሳፈሪ!»

ድምፁ ግን ርቆ ነበር። እናቷ ወሬው ያበቃ መስሏት ስልኩን ጉያዋ ውስጥ ከታዋለች። የሻርፗ ኮሽታ፣ ከዚያ የልቧ ምት፣ ዝግ ያለ፣ ረጋ ያለ። መዲና ጮኸች። የጋሽ ጥጋቡ ስልክ ከፊቷ ጠረጴዛው ላይ፣ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ተጋድሟል። እንደገና ጮኸች፣ ጉሮሮዋ እስኪቆስል፤ ጨርቅና ሥጋ ድምጿን ዋጠው። የበሩ መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማች። ከውጭ የሞተሩ ድምፅ ገባ፣ ጤነኛ፣ ለስላሳ።

«ውይ፣ ሰው ጭነሃል እንዴ ጥጋቡ?» አለች ዘሀራ ከደጃፉ፣ በዚያ ለሦስት ዓመት ማንም ባልመለሰላት የእንግዳ ተቀባይ ድምጿ። «እንደምን አደራችሁ?»

«ማንን ነው እትዬ ዘሀራ?» ሲል ጋሽ ጥጋቡ ከሩቅ ሲስቅ ተሰማ። «ብቻዬን ነኝ እኮ!»

ከሳቁ ሥር፣ ከመኪናው ውስጥ፣ አምስት ድምፆች በአንድነት፣ በዝግታና በአክብሮት መለሱላት፦

«እግዜር ይመስገን፣ ዘሀራ። የፊቱን ላንቺ ትተነዋል።»

እናቷም ሰላምታዋ ስለተመለሰላት ደስ ብሏት፣ ለራሷ ትንሽ ሳቅ ብላ፣ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።